የሚያንኳኳው ድንጋይ

ጓዳ ካለው በርሜል ውስጥ እንደገና ተንኳኳ። ለቀስተኞቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ተያዩ።

«በስመ አብ! አሁንስ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ጆሮሽ ነው እንዳትሉኝ» አሉ የእድሩ ሴቶች አለቃ እትዬ ጤናዬ።

ሐዘንተኛዋ የዝና ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አቀርቅራለች። ባሏን ነብዩን የቀበረችው ትናንት ነው። ድምፁን ታውቀዋለች፤ በርሜሉ ውስጥ ካሉት የባሕር ድንጋዮች መካከል የተደበቀች፣ ሽሪምፕ የምትባል ትንሽ የባሕር ፍጥረት ጥፍሯን ስታፋጭ እንዲህ ታንኳኳለች። ይህን ለሐዘን ቤት ሴቶች ማን ያስረዳል? ሽታውም አለ። ቤቱ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ ሬሳ የወጣበት ቤት እንዲህ ሲሸት ደግሞ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው።

እትዬ ጤናዬ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «ነገ ሰልስት ነው፤ ካህናት ይገባሉ። ያንን ነገር ወንዶቹ አውጥተው ይድፉት፣ ልጄ። ባልሽን የበላ ድንጋይ ከሐዘን ቤት አያድርም።»

«አይደፋም፣ እትዬ።»

«እጁ ከውስጡ አልነበረም ወይ?»

ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። የዝና ያገኘችው ግን በጨለማው ጓዳ ተንበርክኮ፣ ደረቱን በርሜሉ አፍ ላይ ጥሎ፣ ቀኝ እጁን ጨው ውሃው ውስጥ እንደነከረ ነው። ስትጎትተው ጣቶቹ አንድ ድንጋይ ጨብጠው ነበር።

ነብዩ ባምባሲ የተወለደ የሰፋሪ ልጅ ነው። ወላጆቹን ከወሎ ያፈለሳቸው ድርቅ ነው። እሱ ደግሞ ባሕር በዓይኑ ሳያይ አሶሳ ላይ ባሕር ላቁም ብሎ ተነሳ፤ የባሕር ፍጥረት የሚያኖርበትን የመስታወት ገንዳ ሳሎን አቆመ። ሹፌር ጓደኛው ኦመር ትንንሽ ሕያው ፍጥረታት የተጣበቁባቸውን ድንጋዮች ከጅቡቲ ባሕር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ሲያመጣለት፣ «በእብነበረድ አገር ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» ብሎ ሰፈሩ ሳቀ። ነብዩ ግን የጓዳውን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ጋረደ፤ ድንጋዮቹን ጨው ውሃ በሞላው በርሜል ከትቶ፣ ውሃውን የምታዞር ትንሽ ሞተር አስገብቶ ጠበቀ።

«መጀመሪያ ላዩ ላይ የሞተው ይበሰብሳል» ይላት ነበር። «ሽታው ሲጠፋ ድንጋዩ ለገንዳው ደረሰ ማለት ነው። እስከዚያ ውሃው አይቁም እንጂ። ከቆመ፣ በሕይወት የቀረውም ያልቃል።»

የግድብ ጎረቤት መሆን ከመብራት መጥፋት አያድንም። ጭል ጭል ሲል የዋለው አምፖል ድርግም አለ፤ የሞተሯ ጉርምርምታም አብሮ ቆመ። ዝምታው ከማንኳኳቱ ይብስ ነበር።

«የዝና» አለ ኦመር ከደጅ፣ በሰባራ አማርኛው። «ውሃው ቆመ። እጅ አስገባ፣ አዙር። ካልሆነ ይሞታል።»

ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነስታ ሥራ አትነካም፤ የምትጠጣው ውሃ እንኳ ይቀርብላታል። የዝና ተነሳች።

«ኧረ ነውር ነው!» አለች አንዷ።

ጓዳ ገባች። እሱ በተንበረከከበት ተንበርክካ፣ እጇን ነክራ ውሃውን ታማስለው ጀመር። ለብ ያለ ነው፤ የሰው ገላ ያህል። ጣቶቿ ያንን ድንጋይ ሲያገኙት፣ ከመዳፏ ሥር ተንኳኳ።

«ሰማሁ» አለች፣ ለማን እንደምትመልስ ሳታውቅ። ከቀብሩ ወዲህ አልወጣ ያላት እንባ ያን ጊዜ ገነፈለ። «አንድ ነገር እንኳ ይትረፍልኝ፣ እትዬ! አንድ ነገር!»

እትዬ ጤናዬ በሩ ላይ ቆመው ሲያማትቡ ቆዩ። ከዚያ ገብተው አጠገቧ ተንበረከኩ። በጨው ውሃው የራሰውን የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ጠቀለሉላት።