የተጠለለ ገንፎ

ለግቢው ነዋሪዎች፣ ለአካባቢው አይጦችና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፤ የግቢው ድመት ከዛሬ ማለዳ ጀምሮ አጥር መዝለል ማቆሟ በይፋ ተረጋግጧል። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ ሆዷ ከታች ቀረባት። ከዚያ ወዲያ ክብሯን ጠብቃ በበሩ ወጣች።

ዜናውን ለሕዝብ ያደረሱት ከሰል ሻጯ ናቸው። በር ላይ ተቀምጠው ከሰል ሲሰፍሩ የማያዩት ነገር የለም፤ ያላዩትንም ቢሆን ከመናገር ወደኋላ አይሉም።

«ይቺ ድመት ወይ አርግዛለች፣ ወይ ባለሥልጣን ሆናለች» አሉ።

ጋሽ ብሩሽ ግን ለድመት የሚሆን ልብ አልነበራቸውም። በራቸው ላይ ቆመው የልጅ ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ልጁ ጨዋታ መስሎት ይፍለቀለቃል። እሳቸው ግን እየመዘኑት ነበር። ከትናንትናው ይከብድ እንደሆነ ብለው።

አይከብድም።

ጋሽ ብሩሽ የታወቁ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ጉልበታቸው መሰላል እምቢ ካለ ወዲህ የቤት ሰው ሆነዋል። ልጃቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። ባሏ ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ሲደውል ድምፁ ራሱ አቧራ አቧራ ይላል። እሷ ጠዋት ጡት አጥብታ ትወጣለች፣ ማታ ተመልሳ ታጠባለች። በመሐል ያለው ቀን በሙሉ የአያትየው ነው።

ሕፃኑን «ፎርማኑ» ብለው የሰየሙት እሳቸው ናቸው። ቁጭ ብሎ ይጮኻል፣ ሌላው ይሯሯጥለታል፣ ማታ ላይ ደከመኝ የሚለው እሱ ነው። በሥራ ዘመናቸው ያጋጠሟቸው ፎርማኖች ሁሉ እንደዚሁ ነበሩ። ልዩነቱ ይሄኛውን መውደዳቸው ነው።

ችግሩ የተጀመረው ፎርማኑ ገንፎ ከጀመረ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በጡት ብቻ ሲያድግ ጉንጩ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቆመ። ጤና ጣቢያ ወስደው፣ እግር ማስገቢያ ባለው ጨርቅ ሚዛኑ ላይ ሲያንጠለጥሉት፣ ቀስቷ ባለፈው ወር በቆመችበት ቆመች። በተከታዩም ወር እዚያው። የምትመዝነው ሲስተር ፊቷ ጨፈገገ። ልጁ ተቅማጥ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው።

«እየበላ ነው?» አለች።

«እስኪጠግብ ነዋ» አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ እንደ መቆጣት ብለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልጃቸው ፎርማኑን አዝላ ከፊት ከፊት ሄደች። የግቢው በር ላይ ስትደርስ ነው በሆዷ የያዘችውን ያወጣችው።

«ጡቴ ነው አባባ። ወተቴ ውሃ ሆኗል።»

«ኧረ ተይ።»

«እውነቷን ነው» አሉ ከሰል ሻጯ ከመቀመጫቸው። «ሥራ ወተት ያቀጥናል። የእህቴም ልጅ እንዲሁ ሆና…»

«የእህትሽን ልጅ ተያትና ከሰልሽን ስፈሪ!» አሉ ጋሽ ብሩሽ።

ልጃቸው ግን ቆርጣ ነበር። «በሚቀጥለው ምዘና ካልጨመረ ሥራውን እለቃለሁ» አለች። ያ ሥራ ከቀረ ቤቱ ምን እንደሚበላ ጋሽ ብሩሽ ያውቃሉ። ከሥራው ጋር አብሮ የሚቀር ሌላም ነገር ነበር። እናትየው ቀኑን ቤት ከዋለች ፎርማኑን ታቅፎ የሚውል ሌላ ሰው አያስፈልግም። ይህን ግን ለራሳቸውም ቢሆን ጮክ ብለው አልተናገሩትም። ይልቅ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው የገንፎውን ጥራት በእጥፍ ለማሳደግ ወሰኑ።

ድመቷ አጥር መዝለል ያቆመችው ከዚያ ውሳኔ በኋላ ነው።

ዜናው በወጣበት በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ሲስተሯ መጣች። ልጃቸው ሥራ ገብታለች። ሲስተሯ ጫማዋን አቧራ አልብሶት፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ፎርማኑን ልጠይቀው ብዬ ነው።»

«ስብሰባ ላይ ነው፤ ግቢ» አሉና ወንበር ሰጧት።

«ምሳውን እንደ ሁልጊዜው ይሥሩለት። እኔ የለሁም ብለው ያስቡ።»

«የለሽም ብዬ ካሰብኩ ወንበሩን ለማን ሰጠሁት?»

እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ጤና ጣቢያ እንደተማሩት የእህልና የጥራጥሬ ዱቄት ቀላቅለው አማሰሉ። የተቀቀለ ካሮት ፈጩበት። እንቁላል ጨመሩ፣ ዘይት ጠብ አደረጉ። ሲስተሯ በእያንዳንዱ ራሷን ትነቀንቃለች። እስከዚህ ድረስ ጋሽ ብሩሽ ከመቶ መቶ። ቀጥሎ አንድ ኩባያ ውሃ ቸለሱበት። አሰቡና ደገሙት። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ታጥቦ የተጣጠፈ የሴት ስቶኪንግ አወረዱ።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ማጥለያ ነዋ። ቀለም በምን የሚጠለል ይመስልሻል? ለፎርማኑ ግን አዲስ ነው የገዛሁት። ሰሞኑንማ ድርብ አድርጌዋለሁ።»

ገንፎውን በስቶኪንጉ ውስጥ አፈሰሱት። ከሥሩ ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ እንደ ሐር የሚንሸራተት ነገር ወረደ። ጋሽ ብሩሽ በኩራት አዩት። በከተማው ውስጥ እንደሳቸው አድርጎ ቀለም የሚያጠልል አልነበረም፤ ሳሎን ቀብተው ሲወጡ ግድግዳው መስታወት ነው።

«ግድግዳ ላይ ጓል የማልተው ሰውዬ የልጅ ጉሮሮ ላይ እተዋለሁ?»

የወረደውን በጡጦ ሞሉ። የጡጦውን ቀዳዳ በጋለ መርፌ አስፍተውታል። ፎርማኑ አንዴም ሳይተነፍስ ጠጣው፤ ሆዱ ከበሮ አከለ። በስቶኪንጉ ውስጥ የቀረውን፣ እንቁላሉን፣ ካሮቱን፣ ወፍራም ወፍራሙን፣ ጨምቀው በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደፉት። ድመቷ ሳትጠራ ደርሳ ነበር።

«ድመቷ የማን ናት?» አለች ሲስተሯ ቀስ ብላ።

«የማንም። ትርፉን ትበላለች። ምግብ አይደፋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ገንፎ ከጀመረ ወዲህ።»

ሲስተሯ ድመቷን አየች። ልጁን አየች። መልሳ ድመቷን አየች። ድመቷ ወገብ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ጸጉሯ ያበራል፣ ስትውጥ አገጯ ይደራረባል። ፎርማኑ እናቱ ባጠበበችለት ሹራብ ውስጥ እጁ እንደ ክብሪት እንጨት ወጥቶ ለድመቷ ያጨበጭብላታል። ጋሽ ብሩሽም የሲስተሯን ዓይን ተከትለው አንዴ ወደ ድመቷ፣ አንዴ ወደ ልጁ አዩ።

ስቶኪንጉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ድመቷን ነው ሳሳድግ የከረምኩት» አሉ።

ሲስተሯ ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ቀና ብላ ዓይናቸውን ስታይ ሳቁ ከየት እንደመጣ ጠፋባት። ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አላስራቡትም። ሆዱን ሞልተውታል። የሞሉት ግን በውሃ ነው።»

«እንዳይታነቅ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። እናቱ የሱን ያህል እያለች የዳቦ ቁራሽ ሰጠኋት። እኔው ነኝ የሰጠኋት። ፊቷ ሰማያዊ ሆነ፣ እዚህ እጄ ላይ። ጀርባዋን መታሁ፣ ወጣ። እሷ አታስታውሰውም።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «እኔ አልረሳሁትም።»

ሲስተሯ ተነስታ ድስቱ ሥር ዘቅጦ የቀረውን ወፍራም ገንፎ ከአንድ የተቀቀለ እንቁላል ጋር በሹካ ደፈጠጠችው፤ ጓል እስኪጠፋ፣ ግን ውሃ ሳትጨምር። በማንኪያ ጨልፋ ዘቀዘቀችው። ከማንኪያው አልወረደም።

«ይሄማ ስቱኮ ነው» አሉ ጋሽ ብሩሽ።

«ስቱኮ ነው የምፈልገው። እስከዛሬ የሰጡት ኖራ ነው። የተቦረቦረ ግድግዳ በኖራ ይደፍናሉ?»

«ማን አባቱ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል» አሉ፤ ከዚያ ማን እንደሠራው ትዝ አላቸውና ስቶኪንጉን ከወደቀበት አነሱ።

ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ በትንሽ ማንኪያ፣ እስኪውጥ ጠብቀው እንዲያበሉት አሳየቻቸው። ጡጦውንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዙ።

«ለልጄ እንዳትነግሪያት።»

«አልነግራትም። ግን ጋሼ፣ እሷ ጥፋቱ የጡቴ ነው እያለች ነው ሥራ የምትገባው። እሱንስ ማን ይንገራት?»



በማግስቱ ፎርማኑ አዲሱን ገንፎ በአፉ ይዞ ትንሽ አሰበና እንዳለ ግድግዳው ላይ ተፋው። አንደኛ እጅ። ሁለተኛውን እጅ የአያትየው ሸሚዝ ላይ ቀባው። እሳቸው ግን ቀለም እስኪደርቅ በመጠበቅ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም። አንድ ማንኪያ፣ ጥበቃ። ሌላ ማንኪያ፣ ጥበቃ። ልጁ በዋጠ ቁጥር እሳቸውም አብረው ይውጣሉ፤ አንገታቸው እስኪያማቸው። ድመቷ በሰዓቷ መጥታ ባዶውን ክዳን አሸተተች፤ አበሉ እንደተቆረጠበት ሠራተኛ ጥቂት ቆይታ፣ ለሚመለከተው ክፍል አቤት ልትል ሄደች።

ቀን ቀኑን እንዲህ አለፈ። ከባዱ ማታው ነበር። ልጃቸው ከሥራ ትገባለች፣ ወተት ይጨምራል ብለው ከሰል ሻጯ ያዘዙላትን ውሃ በጆግ ትጠጣለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታጠባለች። ትከሻዋ ብቻ ይታያቸዋል። ጋሽ ብሩሽ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«እ… ስሚ እስቲ።»

«አቤት አባባ።»

«በሩ ክፍት ነው መሰለኝ፣ ብርድ ገባ።»

በሩ ዝግ ነበር።

የምዘናው ቀን ልጃቸው ከፋብሪካው የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ለአለቃዋ «ዛሬ ቁርጡን እነግርዎታለሁ» ብላለች። ሲስተሯ ፎርማኑን አንጠለጠለችው። እሱም እንደ ልማዱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰደበ። ቀስቷ ተንቀጠቀጠች፣ የወትሮ ቦታዋ ላይ ደረሰች፣ አለፈችው፣ ሄደች። ሲስተሯ አውርዳ ደግማ ሰቀለችው። ያው ነው።

«ጨምሯል» አለች። ጋሽ ብሩሽን አየት አድርጋ ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

ልጃቸው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል።

«ወተቴ ተመለሰ። አባባ፣ ወተቴ ተመለሰልኝ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ልጁ ጨምሯል፣ ሥራው አልተለቀቀም፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። ነገር ግን ጋሽ ብሩሽ ያቺን ደረት ላይ ያለች እጅ አይተው አላስቻላቸውም። ነገ ልጁ ጉንፋን ቢይዘው፣ ትንሽ ቢቀንስ፣ ያቺ እጅ ተመልሳ እዚያው ትሄዳለች።

«ወተትሽ የትም አልሄደም ነበር» አሉ።

«እንዴት?»

«አልሄደም አልኩሽ። ውሃም አልሆነ። ያ ሁሉ ጉንጭ በምን የመጣ መሰለሽ? ጡትሽ ምንም አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተራ የያዙ እናቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ሲስተሯ ንጹሑን ሚዛን በጨርቅ መወልወል ጀመረች።

«አባባ፣ ምን አድርገህ?»

«አስተካክዬዋለሁ።»

«ምኑን?»

ፎርማኑን ከእጇ ተቀበሏት። በእውነትም ከብዷል። ትከሻቸው ላይ አስደግፈው ወደ በሩ ዞሩ።

«ንገረኝ እንጂ፤ ምን አድርገህ ነው?»

«አልነግርሽም» አሉ ጋሽ ብሩሽ።