የሰኞ ሚስማሮች

ሬዲዮኑ የቀኑን ስድስት ሰዓት ሊያበስር ጥቂት ሲቀረው ሶፋ ሠሪው ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። በቀኝ እጁ መዶሻ፣ በግራው ራሱ ቢጫ የሆነ የሶፋ ሚስማር ይዟል። ዓይኑ ከጣራው ቀዳዳ ወርዳ ጣውላው ላይ ካረፈችው የብርሃን ክብ አልተነቀለም። ክቧ ከጠርሙስ ቆርኪ ጥቂት ትሰፋለች፤ ዳር ዳሯ የፈዘዘ ነው። ደግሞም ዝም ብላ አትቀመጥም፤ በደቂቃ አንድ ጣት ያህል ትንፏቀቃለች። ስለዚህ ማንገራገር አይቻልም። ሰዓቱ ሲደወል መምታት ነው።

ሬዲዮኑ ጢጥ አለ። መታ።

ከዚያ ቀና ብሎ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የወጠረውን ክር ተመለከተ። አዲሱ ሚስማር ከክሩ ሦስት ጣት ወደ በሩ በኩል ወጥቷል።

«ዛሬስ?» አለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ።

ጉጠቱን ከኪሱ አውጥቶ ሚስማሩን ነቀለና ክሩ ሥር መልሶ መታው። ባዶ የቀረችውን ቀዳዳ በኮላ በለወሰው ሰጋቱራ ደፍኖ በአውራ ጣቱ ደመደማት። ይህን ማድረግ ከጀመረ አርባ ዘጠነኛ ሰኞው ነው።

እህቱ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ሱቁን ያቋቋሙት አብረው ነው፤ እሱ አጽሙን ይሠራል፣ ሞላውን ያስራል፣ ሚስማሩን ይመታል፣ እሷ ልብሱን ትሰፋለች። ለወንድሟ «ውሃ ልክ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። በአንድ የሶፋ ክንድ ላይ ከሚደረደሩት ሰባ ሚስማሮች አንዱ የስንዴ ፍሬ ታህል ከሰልፉ ከወጣ ነቅሎ ካልመታው እንቅልፍ አይወስደውም። ደንበኞች የሚወዱትም ለዚሁ ነው። የሚያበሳጫቸውም ለዚሁ ነው፤ ሥራው መቼም በቀጠሮው ቀን አይደርስም።

ነገሩን ያመጣው አንድ አሮጌ ሶፋ ነው። የሶፋ ሆድ ሲከፈት የማይገኝ ነገር የለም፤ ማበጠሪያ፣ እርሳስ፣ የልጅ ካልሲ። ከዚያኛው ሶፋ ሆድ የወጣው ግን ስለ ሰማይ አካላት ለጀማሪዎች የተጻፈ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ባለቤቱ ውሰደው አለው። ሶፋ ሠሪው ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ቢሆንም ቀስ ብሎ፣ ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አነበበው። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ከምናምን እንደሚፈጅ ያወቀው ከዚያ ነው። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን እያሞቀ፣ ይህ ሙቀት እኔ ያንን ወንበር ሳልጨርስ በፊት የተነሳ ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

አንዱ ገጽ ደግሞ ስለ እሱ ሱቅ የተጻፈ መሰለው። በጨለም ያለ ክፍል ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ ገብታ ወለል ላይ የምታርፈው ክብ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለችም ይላል፤ ራሷ የፀሐይ ምስል ናት። እህቱ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ቀዳዳው ክብ ስለሆነ ነዋ ብርሃኑ ክብ የሆነው፣ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም አለችው። ካርቶን ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ቀዶ ሞከረው፤ ራቅ ሲያደርገው ያው ክብ ወጣ። ሊያሳያት ጠራት፤ ዚፕ እየገጠመች ስለነበር አልመጣችም።

በዚያው ገጽ ግርጌ፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ የክቧን ቦታ ምልክት ያድርጉ ይል ነበር። «ዓመቱ ሲሞላ ወለልዎ ላይ የሚያገኙት» ይልና ገጹ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ተቀዷል።

ሶፋ ሠሪው የተቀደደውን በራሱ ልክ ሞላው። ሰዓቱ አንድ ነው፣ ቀዳዳው አንድ ነው። ፀሐይ በበጋና በክረምት ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ ወደ ጎን ምን ወሰዳት? ስለዚህ የሚወጣው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ግማሽ ዓመት ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ግማሽ ዓመት በሄደችበት ትመለሳለች። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሚስማሮችም ቀጥ ብለው ወጡለት። በእነሱ ላይ ክር ወጠረ። ለእህቱም ዓመቱ ሲሞላ የሰማይን ማስመሪያ ወለላችን ላይ ታያለሽ ብሎ ተናገረ። እሷም በዚህ ቃል አንድ ዓመት ሰጠችው፤ ጣራው እስከዚያ ሳይደፈን ይቆይ ተባለ።

ስድስተኛው ሚስማር አፈነገጠ። ሰዓቱ ነው ብሎ ሬዲዮኑን ለወጠ። ሰባተኛው ባሰ። የጣራው ቆርቆሮ በሙቀት እየተለጠጠ ነው አለ። ከዚያ ቤቱ ዘምሟል ብሎ ቱንቢ ጣለ፤ ቤቱ አልዘመመም። ክቧ ግን ወደ በሩ ሸሸች፣ ደግሞ ተመለሰች፣ እንደገና ሸሸች። ከሁለት ወር በፊት አንድ ክንድ ሙሉ ርቃ ነበር። አሁን ደግሞ ምንም እንዳላጠፋች እየተመለሰች ነው። በጣም ያናደደው ይሄ ነው። የዘመመ ቤት ዘምሞ ይቀራል እንጂ ደስ ሲለው አይቃናም። ጥፋቱ እንግዲህ የሱ እጅ ነው። እጁን ደግሞ ሃያ ዓመት ያውቀዋል።

ስለዚህ በየሰኞው ይመታል፣ ይነቅላል፣ ክሩ ሥር ይመልሳል፣ ይደፍናል። ደመና የሸፈነባቸውን ዘጠኝ ሰኞዎች ደግሞ ከወዲህና ከወዲያ ለክቶ፣ መሆን ነበረበት ባለው ቦታ ላይ መታ። ሰልፉ አምሮ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ ያደንቀዋል።

ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ እህቱ የምታጥፈውን ከፋይ ጨርቅ አነሳችና አየችው። የሌሊቱ ዝናብ በቀዳዳው ወርዶ፣ ከሥሩ ከተቀመጠው ባልዲ ዘሎ፣ ለሙሽራ የታዘዘውን የሶፋ ልብስ አበላሽቶታል። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ነገ ቆርቆሮ መቺው ይመጣል አለች። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው ብሎ ለመናት። ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ የሚቀረውን ጫፍ በማስመሪያ ጨርሰው፣ ምን ልዩነት አለው አለችው።

በዚህ መሃል ያሠሩትን ወንበር ሊወስዱ የመጡ ደንበኛ ገቡ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ በከዘራቸው ሁሉን ነገር ነካ ነካ ማድረግ ይወዳሉ። ሰልፉን አዩ፣ ቀና ብለው ቀዳዳውን አዩ፣ ከዚያ በሬዲዮ ሰዓት ነው የመታኸው ብለው ጠየቁት። አዎ አለ፣ በኩራት።

«እንግዲያው ወንድሜ፣ ይሄ ውሸት ነው» አሉ ቀያሹ። «እንዲህ ያማረ ውሸት ግን አይቼ አላውቅም።»

ሶፋ ሠሪው ጆሮው ድረስ ጋለ። ቀያሹ ጠመኔ ለምነው በቁራጭ ቆዳ ላይ ወገቡ የጠበበ ስምንት ቁጥር ሣሉ፤ አንዱ ሆዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ። የሚወጣው ይሄ ነው አሉት። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ጥቂት ሞላላ ነው፤ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ታዘግማለች። እሷም ራሷ ጋደል ብላ ነው የምትሽከረከረው። ሰዓት ግን ይህን አያውቅም፤ የዓመቱን ቀናት ሁሉ እኩል አድርጎ ያካፍላል። ስለዚህ ፀሐይ አንዳንዴ ከሰዓቱ እስከ ሩብ ሰዓት ትቀድማለች፣ አንዳንዴም ያንኑ ያህል ትዘገያለች። ሬዲዮንህም ልክ ነበር፣ ቀዳዳህም ልክ ነበር አሉት።

«እጄስ?» አለ ሶፋ ሠሪው።

«እጅህም መጀመሪያ ሲመታ ልክ ነበር። ያበላሸኸው ስታስተካክለው ነው።»

ቀያሹ ወንበራቸውን አሸክመው ሄዱ። ሶፋ ሠሪው ጉጠቱን አንስቶ ከሰልፉ ጫፍ ጀመረ። አንድ ነቀለ፣ ወረወረ። ሌላ ነቀለ፣ ወረወረ። ቢጫዎቹ ራሶች ግድግዳውን እየመቱ ወደቁ። እህቱ መኪናዋን አቁማ አየችው። ሲያስተካክል እንጂ ሲወረውር አታውቀውም።

«ተው እንጂ፣ ውሃ ልክ።»

«እትዬ፣ ተይኝ። አርባ ዘጠኝ ሳምንት! እያንዳንዷን በእጄ አጠፋኋት።»

«መጀመሪያ የነቀልክባቸው ቀዳዳዎችስ?»

«ደፈንኳቸው። እንዴት አድርጌ እንደደፈንኳቸው አታውቂም? እኔ ራሴ አላገኛቸውም።» እውነቱን ነው። ተንበርክኮ በጣቱ ዳበሰ፤ ሽበት ባወጣው አሮጌ ጣውላ ላይ አንድም አልታወቀውም። በሕይወቱ እንዲያ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

እህቱ ተነሳች። ከቀዳዳው ሥር የተቀመጠውን ባልዲ አንስታ የዝናቡን ውሃ ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ጮኸባት። ኮላ ውሃ አይጠጣም አለችና በመወልወያው ገፋ ገፋ አደረገችው።

ጣውላው ቀስ በቀስ ጠቆረ። ከጥቁሩ መሃል አንዲት ነጣ ያለች ነጥብ ቀረች። ከአጠገቧ ሌላ። ከዚያ ወደ በሩ የሚያዞር ረድፍ፣ ከዚያ ወደ ክሩ የሚመለስ፣ ከዚያ ደግሞ ሰፊ ሆድ ይዞ የሚሄድ። ሁለቱም በእርጥቡ ወለል ላይ ቆመው አዩት። ከመድረቁ በፊት እየተሯሯጡ፣ እሱ እየመታ እሷ ሚስማር እያቀበለች፣ ነጥቦቹን ሁሉ መቱባቸው። ከቀድሞው ሰልፍ ልክ የነበሩትን አምስቱን ብቻ አስቀርተው የቀረውን ነቀሉ። የደመናዎቹ ዘጠኝ ሰኞዎች ግን ምንም ነጥብ አልነበራቸውም። ቀድሞውንም ብርሃን ላይ አልተመቱምና።

እህቱ ጣውላውን አየች፣ ጣራውን አየች፣ የተበላሸውን ከፋይ አየች። ከዚያ መኪናዋን በገዛ እጇ እየጎተተች ወደ ማዶ ጥግ ወሰደች፤ ስትጎትትም ስታጉረመርም ነበር። ቆርቆሮ መቺውን በሦስተኛው ሰኞ ማታ ና አለችው።

የመጀመሪያው ሰኞ ፀሐይ ነበረ። ሁለተኛውም። ስምንት ቁጥሩ ሊገጥም አንዲት ሚስማር ቀረችው። በሦስተኛው ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠራ፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ክቧ ቦግ ብላ ወለሉ ላይ ነበረች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደመና ገባና ፈዘዘች። ሬዲዮኑ ጢጥ ሲል ወለሉ ላይ ምንም አልነበረም።

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። እስከ ስምንት ሰዓት ተንበርክኮ ጠበቀ፣ የሚጠብቀው ሰዓት እንዳለፈ እያወቀ። ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማል።

«ቦታዋማ ይታወቃል» አለች እህቱ ቀስ ብላ። «እዚህ ጋ ናት። ምታት፤ ማን ያውቃል?»

ቦታዋን ያውቀዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታዋል። ሚስማሩን በጣቶቹ መሃል አገላበጠው። ከዚያ ወደ ቆርቆሮ ሣጥኑ መልሶ ጣለውና ክዳኑን በኃይል ዘጋው። «ከዘጠኙ ጋር ባዶው ቦታ አሥር ነው እትዬ፣ አሥር» አለ። ድምፁ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር።

ማታ ቆርቆሮ መቺው አሮጌውን ቆርቆሮ ገንጥሎ በመሰላሉ አቀበላቸው። እህቱ ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ቀዳዳዋ የተቦጨቀች ነበረች፤ አንዱ ጠርዟ እንደ ጥርስ የሾለ፣ ሌላው የተጠማዘዘ። ክብ የሚባል ነገር አጠገቧም አልደረሰም።

አገላብጣ አየችው። «ያቺን ክብ የጣለችው ይቺ ናት?»

ሶፋ ሠሪው የሚያስረው ሞላ ላይ አቀርቅሮ ነበር። አልነገርኩሽም ወይ አላለም። እህቱ መቀሷን አነሳችና ቀዳዳዋ ያለችበትን ቁራጭ ከቆርቆሮው ቆርጣ፣ ከመጽሐፉ ሥር አስቀመጠችው።