የማንጠግቦሽ ወለምታ

ድረስ ቆስሎ መሞቱ ነው በተባለ ጊዜ፣ እናቱ ማንጠግቦሽ «ካዳንሽልኝ ለአስተርእዮ በእግሬ መጥቼ ደጅሽን እስማለሁ» ብላ ለመርጡለ ማርያም ተሳለች። ዳነላት። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ዱር ቤቴ ብሎ ስለወጣ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ አላየችውም። ዘንድሮ «ንግሥ ላይ የሕዝቡ ብዛት ሰው ይሸሽጋል፤ ካህን መስዬ ከቅጥሩ በር እጠብቅሻለሁ» ብሎ ላከባት። ለእናት ከዚህ የበለጠ ምን ዓመት በዓል አለ?

ከሉማሜ ወገን ከሴት ልጇ ከየብርጓል ጋር ተነሣች። ደብረ ወርቅ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ ወንዝ ስትሻገር ድንጋዩ ከዳትና ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። ወጌሻው በቅቤ አሸ፣ ጎተተ፣ አሰረ። «አጥንት አልተነካም። ግን ሳምንት ሳይሞላ መሬት እንዳያስረግጡት» አላት።

ያሳደሯቸው ቄስ በበቅሎ እንድትሄድ ለመኗት። «በእግሬ ብያታለሁ፤ እመቤቴን አልሸነግላትም» አለች። ግትር ናት፤ ድረስም ግትርነቱን ከሌላ አላመጣው። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት መንገዷን ለየካቲት ማርያም አዛወረችው። ድረስ ግን ይህን መስማት ነበረበት፤ አለዚያ እሷን ሲጠብቅ ውሎ ከባንዳ ዓይን ይገባል። ደብረ ወርቅም ጣሊያን ስለመሸገበት ወደዚያ መምጣት የለበትም።

በዚያ አልፎ ወደ ንግሡ የሚሄደውን የአገር ቤት ጎረቤታቸውን ውበቱን ላከችው። ውበቱ ንግግሩ ለስላሳ፣ ሰው የማያስደነግጥ ሰው ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት መርዶ የሚነግር እሱ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያሰበበት ግን አልነበረም።

በንግሡ ዕለት ውበቱ ድረስን እንደ ካህን ጥምጣም እንደ ጠመጠመ ከቅጥሩ በር አገኘው።

«እናቴስ?»

«በል መጀመሪያ እህል ቅመስ» አለና ስንቁን ፈታለት።

የድረስ ፊት ጠቆረ። በአገራችን ሞት የሚነገረው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያበሉሃል፣ ቀጥለው «ትንሽ አሟቸው ነበር» ይሉሃል።

«ንገረኝ ውበቱ።»

«ምንም አልሆነች። እግሯን ትንሽ ወለም ብሏት ደብረ ወርቅ ቀርታለች። ለየካቲት ማርያም እንገናኝ፣ ወደ ደብረ ወርቅ ድርሽ እንዳትል ብላሃለች።»

«ማን ነው ያለ? እሷ?»

«እሷ ናታ! እመብርሃንን፣ ደኅና ናት።»

«አባቴ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ምለህልኝ ነበር» አለ ድረስ፤ እንባው መጣ። «ለቀብሯ እንዳልወርድ ነው የምትደብቁኝ። እናቴን ሳልቀብር አርበኛ ብባል ምን ይረባኛል?»

ውበቱ ማለ፣ ተገዘተ፣ እግሩ ላይ ወደቀ። እሱ በማለ ቁጥር እናትየዋ ለድረስ ይበልጥ ሞተች። ስንቁን ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ ከቄሱ ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች፤ የብርጓል እግሯን ታሽላታለች። ከወደ መንገዱ የወንድ ለቅሶ ተሰማ። «እናቴን! እናቴን!» እያለ ደረቱን እየደቃ ይመጣል። ለእናቱ ቀብር የደረሰ ልጅ እየጮኸ ነው የሚገባ፤ ተሸሽጎ የሚያለቅስ የለም።

«ወይኔ፣ የማን ልጅ ይሆን?» አለች ማንጠግቦሽ። «የታደለች እናት ናት፣ እንዲህ የሚያለቅስላት።»

የየብርጓል እጅ ቆመ። ማንጠግቦሽም ድምፁን አወቀችው።

የታመመ እግሯን ረስታ ሮጠች። ስትደርስ በጩኸቱ የለዩት የምሽጉ ባንዶች የፊጥኝ አስረውታል፤ ጥምጣሙ አቧራ ላይ ወድቋል።

«ድረስ! አለሁ! ልጄ፣ አለሁ!»

ዞሮ አያት። የያዙትን ሰዎች ረስቶ እንደ ልጅነቱ ሳቀ።

«አለሽ? እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ!»

«ተመስገን!» አለ፣ ወደ ምሽጉ እየገፈተሩት።

በማግስቱ ገበያ መካከል ሰቀሉት። እናቱ መኖሯን አውቆ ደስ ብሎት ሞተ ይላሉ ሰዎች ሊያጽናኗት። እሷም «እኔን ቀብሮ በተመለሰ ኖሮ» ትላቸዋለች።