ጋች እንዲበላ

ያ ቅጽ እስካሁን አለኝ። አንድ ገጽ ነው፤ አሥራ አንድ ጥያቄ። አሥሩ ተሞልቷል። አሥራ አንደኛው፣ «ተማሪዋ በአእምሮ ጤና ሙያ ለመሰማራት ዝግጁ ናት?» የሚለው፣ ባዶ ነው። ያለ እሱ መልስም ቀጥረውኛል፤ እሱ ራሱ ያናድደኛል። ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደሚፈላ ለማወቅ ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም አልደረቀም። ወንበሩ ሁሉ ተገዝቶ የሚቀመጥበት የአገሩ ልጅ ጠፍቷል። እኔ አኬሎ፣ የወንጌላዊው የኒካው ልጅ፣ አዲስ አበባ ሳይኮሎጂ አራተኛ ዓመት ደርሼ፣ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቼ፣ ለሦስት ሳምንት የተግባር ልምምድ ጋምቤላ የገባሁት በዚያ ሰሞን ነው። ለክልሉ ሠራተኛ የሚቀጥሩት አቶ ኦሉም ከመኪና ሳልወርድ «የእኛ ልጅ!» አሉኝ። «ቦታሽ ተይዟል። ዝግጁ ናት የሚል ወረቀት ብቻ አምጪልኝ።» እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተጠርቶ ተጸለየልኝ። ሰው ሁሉ ሲያመሰግንህ ጆሮህ ይደፈናል። የእኔም ተደፈነ።

ቅጹን የምትሞላልኝ ሲስተር አባይነሽ ነበረች። በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሚያርሱ ገበሬዎች ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ፣ የአእምሮ ሕክምና ኮርስ ጨምራ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ማንጎ ዛፍ ሥር ያሉትን ሁለት ክፍሎች ብቻዋን ትይዛለች። ከተማው «የእብዶች ቤት» ይላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ስላት፣ «እርስዎ ለአባትሽ ነው። እኔን አንቺ በዪኝ፣ ሥራ ይቀለናል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አትጠይቂ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ማንን እንደማያይ፣ ማን የት እንደሚበላ እዪ። ጥያቄው ኋላ ይደርሳል» አለች።

ተናደድኩ። ግማሹን መጽሐፍ በቃሌ ይዤ የመጣሁ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማን የት እንደሚበላ ልቁጠር? ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ቀዳሁ፣ ጥፍር ቆረጥኩ፣ አንሶላ አሰጣሁ፤ ልቤ ግን እያጉረመረመ ነበር። ይህቺ ሴት አንድ የሙያ ቃል ከአፏ ሲወጣ አልሰማሁም። እኔን ልትመዝን መቀመጧ ያሳቀኝ ጀመር።

ጋች የሚባል ሕመምተኛ ነበራት። ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ግንባሩ ላይ የወንድነቱ ስድስት መስመር የተሰመረበት ኑዌር ነው። ኢታንግ አጠገብ ከብት ሲያሻግሩ ወንድሙን ዓይኑ እያየ የባሮ ወንዝ ወሰደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋች እንቅልፍም ንግግርም ተወ፤ አጎቱ አምጥቶ ለአባይነሽ ሰጣት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ እኔ ስደርስ መተኛት ጀምሯል። አንዳንድ ቃልም ይወጣው ነበር። አንድ ቀን የወንድሙን ስም ሲጠራ ሰምታ አባይነሽ ከክፍሉ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህንንም ድክመት ብዬ መዘገብኩባት።

በሁለተኛው ሳምንት የአባይነሽ አባት አረፉና ወደ አቦቦ ሄደች። ቁልፉን ስትሰጠኝ፣ «የጋችን ምግብ ለዘበኛው ለአጓ ስጪው፣ እሱ ያደርስለታል። የነበረው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥል» ብላኝ ነበር።

እኔ ምን ገባኝ? ስንፍና ነው የገባኝ። የራሷ ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚበላ እንኳ በዓይኗ አታይም፤ ሥራዋን በዘበኛ ታሠራለች። መጽሐፉ ደግሞ በከባድ ድብርት ላይ ያለን ሰው አመጋገብ በቅርብ ተከታተሉ ይላል። ስለዚህ ሳህኑን ራሴ ይዤ ገባሁ። በርጩማ ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ደብተሬን ጭኔ ላይ፣ ሰዓቴን ደብተሬ ላይ አደረግኩ።

አልበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አያለሁ። «ጋች፣ ስሜትህን እረዳለሁ» አልኩት፣ ክፍል ውስጥ በተለማመድነው ለስላሳ ድምፅ። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ «ምንም» ብዬ ጻፍኩና ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ምሳም እንደዚያው፣ ራትም እንደዚያው። በማግስቱ በርጩማዬን አንድ ክንድ ያህል አስጠጋሁ። እሱ ባልበላ ቁጥር እኔ እቀርባለሁ፤ እኔ በቀረብኩ ቁጥር እሱ ከግድግዳው ይጣበቃል። ይህንንም ጻፍኩት፤ «ራስን የማግለል ምልክት እየጨመረ ነው» ብዬ።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ጽዳቷ ኛዌች መወልወያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ጸጉሯ የሸበተ የኑዌር ሴት ናት። ሳህኑን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«አንቺ ሂጂ» አለችኝ። «እሱ ይበላል።»

ከዚህ የጠራ አማርኛ የትም የለም። እኔ ግን «አንቺ ሂጂ» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። በዚያን ሰሞን በእኛ በአኙዋኮችና በኑዌሮች መካከል የነበረውን ቅሬታ የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሰላምታ የሚቆጥብበት ጊዜ ነበር። አንዲት ኑዌር፣ ያውም ጽዳት፣ በገዛ ከተማዬ ከሥራዬ ላይ ስታባርረኝ?

«አንቺ ወለልሽን ጥረጊ» አልኳት።

እናቴን የምታህል ሴት ናት። ጥቂት አየችኝና ጎንበስ ብላ መወልወሏን ቀጠለች። ስንቱን ረስቼ ያቺን ጎንበስ ማለት አልረሳም።

በሦስተኛው ቀን አራት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ከባድ ድብርት፣ ምግብ ፈጽሞ አለመቀበል፣ ሕይወቱን የማጣት አደጋ። ዶክተሩ፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ የቀሩትን ወራት የሚቆጥር ሰው፣ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ሪፖርት እዚህ አገር አይቼ አላውቅም» አለኝ። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ እንዲመገብና ዓርብ በሚወጣው መኪና ወደ አዲስ አበባ እንዲላክ ፈረመ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሁለት ጤና ረዳቶች ትከሻውን ያዙት። እጁን በፋሻ ከአልጋው ጋር አሰሩት። ወተቱን ይዤ ራስጌው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ቧንቧው ጋ ጀሪካን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ልጃገረዶች ተንጋግተው ያያሉ። ቱቦው ሲገባ ጋች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ እንባው በጆሮው ላይ ወረደ። ደብተሬ ላይ ምን ብጽፍ ጥሩ ነው? «ስሜታዊ ምላሽ አሳይቷል።»

ሐሙስ ጠዋት አባይነሽ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ሪፖርቴን ሰጠኋት፤ እንድታመሰግነኝ እየጠበቅኩ። አራቱንም ገጽ ቆማ አነበበች።

«ምግቡን ማን ነው የሚሰጠው?»

«እኔ።»

«እሱ ሲበላ አንቺ የት ነሽ?»

«ፊት ለፊቱ። በየምግቡ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ።»

ከኩሽና ገንፎ አስመጥታ ለአጓ ሰጠችው። እኔን ክንዴን ይዛ ከማንጎው ዛፍ ጀርባ ወሰደችኝ፤ ጀሪካን የያዙትንም ልጃገረዶች አስነሳቻቸው። ቆምን። ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አጓ ሳህኑን ይዞ ወጣ። ባዶ ነበር፤ ጠርዙ ሳይቀር ተጠርጓል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ልጅ ሆኜ የኑዌር ወጣቶች ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ከኢታንግ እየመጡ አባቴ ቤት ያድሩ ነበር። እናቴ ዓሣና ገንፎ ስታቀርብላቸው ሳህናቸውን ይዘው ከቤቱ ኋላ ይሄዳሉ። እኛ ሴቶቹ ልጆች በአጥር ቀዳዳ አጮልቀን እንስቅባቸዋለን። እናቴ በማማሰያ ቂጣችንን እየመታች፣ «ተነሱ ከዚያ! ሰውየው ይብላበት» ትለን ነበር። የኑዌር ወጣት በማትዛመደው ልጃገረድ ፊት አይበላም። ነውር ነው፤ ከረሃብ የባሰ ነውር። ይህን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ በቂጤ ተምሬዋለሁ።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ ብሆን አላውቅም ነበር ብዬ እተኛለሁ። እኔ አውቅ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ስላልተጻፈ የማውቀውን ሆስፒታሉ በር ላይ አራግፌ ገባሁ። አንድን ሰው ሦስት ቀን አስርቤ፣ ረሃቡን በሰዓት እየለካሁ፣ በሽታ ብዬ ስም አወጣሁለት።

አባይነሽ የዓርቡን መኪና ከዶክተሩ ጋር ተጨቃጭቃ አስቀረችው። ጋች መብላቱን በላ። ንግግሩ ግን ተመልሶ ጠፋ፤ የወንድሙ ስምም አብሮ። ቅዳሜ አጎቱ መጣ። የፋሻው ምልክት የጋች አንጓ ላይ ነበርና አይቶት ጠየቀ፤ ኛዌች በቋንቋቸው ነገረችው። ሰውየው አልጮኸም። ወደ እኛ ዞሮ፣

«እኔ ሰው አመጣሁ» አለ። «እናንተ እንደ ጥጃ አሰራችሁ። በሴት ፊት ወተት አጠባችሁ።»

የወንድሙን ልጅ እጁን ይዞ ወጣ። አባይነሽ እስከ ውጭው በር እየለመነች ተከተለችው። አልተመለሰም።

ሰኞ አቶ ኦሉም መጡ። ዶክተሩ ሪፖርቴን አመስግኖላቸዋል። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እሳቸው እጃቸውን አወናጨፉ፤ «ይሄ ትንሽ ነገር ነው፣ ልጄ። ሥራ ላይ ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ትንሽ ነገር! ሰደበችን የሚሉኝን ፈርቼ ምላሴን ነከስኩ እንጂ ያን ቀን ወንበራቸውን በራሳቸው ላይ ብደፋው በወደድኩ።

ንዴቴን ይዤ አባይነሽ ጋ ሄድኩ። ቅጹን እየሞላች ነበር። ሰዓት ታከብራለች፣ አዎ። ሥራ አትንቅም፣ አዎ አለችና ሰረዘችው፤ በቦታው «አልፎ አልፎ» ብላ ጻፈች። አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዝግጁ አይደለችም ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«ለምን? እንዲቀልሽ?»

«እውነቱ ስለሆነ።»

«የዚህን መልስ የሚያውቀው ሰው ኢታንግ ነው ያለው» አለችና እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ስደቢኝ እንግዲያው! ምቺኝ! ዝም አትበዪ!»

«አኬሎ» አለች፣ «አባቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ያንቺን ንዴት የምሸከምበት ትከሻ የለኝም።»

ቅጹን አጥፋ ሰጠችኝ።

ኛዌችን ከቧንቧው አጠገብ አገኘኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ «እማማ ኛዌች» ብዬ ጠራኋት። «ነገርኩሽ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። የአጎትየውን መንደር ስጠይቃት ግን መራችኝ። በኑዌርኛ ይቅርታ የሚጠየቅበትንም አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረችኝ፤ ምላሴ እስኪገራ አሥር ጊዜ አስደገመችኝ።

በገበያ ቀን ጭነት መኪና ላይ ወጥቼ ኢታንግ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ዓረፍተ ነገሯን አነበንባለሁ። አቧራው፣ ፀሐዩ፣ በየመንደሩ የሚቆመው ሾፌር፣ ሁሉም ያናድደኛል። ከገበያው ወጥቼ በእግሬ እየጠየቅኩ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር ወንዶች አንድ ዕቃ ከበው ይበላሉ። ጋች መሀላቸው ነበር።

ያወራ ነበር። አጠገቡ ላለው ሰው አንድ ነገር አለው፤ ሰውየው ሳቀ። እኔ ጋ ያጣውን እዚያ አግኝቶታል። ከዛፉ ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ።

አየኝ። የጎረሰውን ሳይውጥ እጁን ከዕቃው መለሰ፤ ጭኑ ላይ ጠረገና ፊቱን አዞረ። ሌሎቹም አዩኝና አቆሙ። ስድስት ሰው ምግብ ፊቱ አስቀምጦ በእኔ ምክንያት መሬት መሬት ያያል።

ዓረፍተ ነገሯ አፌ ላይ ነበረች። አንድም ቃል አልጠፋብኝም። ግን ከተናገርኩ መስማት ይኖርበታል፤ እኔ ይቅር እስክባል ገንፎው ይቀዘቅዛል፣ እሱም እንደገና ሳህኑን አስቀምጦ እኔን ይጠብቃል። ለእሱ ብዬ መጣሁ ያልኩት ውሸት ነበር። እንዲቀለኝ ነው የመጣሁት። አባይነሽ ገና እስክሪብቶዋን ስትከድን አውቃብኝ ነበር። ራሴን በዚያ ፀሐይ ላይ በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ።

ይቅርታዬን ዋጥኩት። ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ገበያው መንገድ ገባሁ፤ ዞሬ አላየሁም። ጋች እንዲበላ።