ቁጥር የሌለው ሰሌዳ

ዴልበርት ሁፐር የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪዎችን ማሠልጠን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ትንሽ ከተማ ያለው ቡድኑ ለትልቁ ክለብ ልጆች የሚያሳድግ ስለሆነ ዋናው ሥራው መጠበቅ ነው። እሱም እንደኔ ታጋሽ የለም ብሎ ይመጻደቃል።

ዘንድሮ ግን ብራይሰን መጣበት። የሃያ ዓመቱ ልጅ ክንዱ እንከን የለውም፤ ችግሩ ዓይኑ ነው። ኳስ በወረወረ ቁጥር ዞሮ የሜዳው ሰሌዳ ላይ የሚበራውን የፍጥነት ቁጥር ያያል። በሰዓት ዘጠና ሰባት ማይል ካየ ዘጠና ስምንት ያምረዋል፤ ከዘጠኙ ዙር ገና ሦስተኛው ላይ ክንዱ ይዝልና የተጋጣሚ ቡድን ኳስ መቺዎች ይፈነጩበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማን ይስማ! ዴልበርት ቀስ በል ብሎ ሦስት ወር ቢለምነው ልጁ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሐሙስ የክለቡ አለቃ ደወለ። እሑድ አምስት ዙር ካልጨረሰ ከእንግዲህ ጨዋታ አይጀምርም፤ መጨረሻ ላይ ገብቶ አንድ ዙር ብቻ ይወርውር አለ።  ዴልበርት ግን እንዲህ ያለ ክንድ በጥድፊያ ሲባክን ማየት አይችልም።

ነገር በዓይን ይገባል። እሑድ ጠዋት ቼሪ ፓይ የሚባለውን ኬክ ገዝቶ ሰሌዳውን ወደምታንቀሳቅሰው ጡረተኛ መምህርት ወደ ማርጅ ወጣና የፍጥነቱን ቁጥር እንድታጠፋለት ጠየቃት።

«ሰው ቁጥሩን ሊያይ ነው የሚመጣው። ምን ልበላቸው?» አለችው።

«አምፖሉ ተቃጠለ በያቸዋ።»

ፓዩን አየት አድርጋ የፍጥነቱን ቁጥር አጠፋችው።

ብራይሰን የመጀመሪያውን ኳስ ወርውሮ ዞረ፤ ባዶ ነው። ተናደደና ሁለት ነጥብ ተቆጠረበት። ከዚያ ወዲያ የሚያየው ቢያጣ መቺውን ማየት ጀመረ። መቺው ሲቸኩል ኳሱን ያዘገይለታል፣ ሲያንቀላፋ ያፈጥንበታል። አምስተኛው ዙር ላይ ሦስቱም የሜዳው ማዕዘኖች በተጋጣሚ ሯጮች ተሞሉ፤ ዙሩን ለመጨረስ የሚቀረው አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ነው። ዴልበርት የሚቆረጥመውን የሱፍ ፍሬ ከነልጣጩ ዋጠው። መቺው ቸኩሎ መታ፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ተንከባለለች፣ ተያዘች፣ መቺው ከጨዋታ ወጣ፣ ዙሩ አለቀ።

አለቃው ወዲያው ደውሎ በስንት ፍጥነት እንደወረወረ ጠየቀ። ዴልበርት እንደማያውቅ፣ አምስት ዙር ግን እንደጨረሰ ነገረው። አለቃው እንግዲያው እስከ ክረምቱ ጨዋታ እየጀመረ ይቆይ አለ።

ብራይሰን ክንዱ ላይ በረዶ አስሮ ዴልበርት አጠገብ ተቀመጠ።

«ኮች፣ እኔ ከሁለተኛው ዙር በኋላ አልዞርኩም።»

«አይቻለሁ፤ ጎበዝ።»

«እርስዎ ግን በእያንዳንዷ ኳስ ሲዞሩ ነበር። አሁን ራሱ ባዶ ሰሌዳ እያዩ ነው የሚያወሩኝ።»

ዴልበርት አንገቱን መለሰ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ደስታውም እፍረቱም እኩል መጡበት። ማታ ወደ ማርጅ ተመልሶ ቁጥሩን ወር ሙሉ እንዳታበራው ለመናት።

«ልጁ አሁንም አልተወም እንዴ?» አለችው።

«እሱስ ተወ» አላት፤ «እኔ ነኝ ያልተውኩ።»