በሲባጎ የተንጠለጠለው ኩባያ

ሰፈሩ መፍቻው ይለዋል። ስም አጥቶ አይደለም፤ ግን ቧንቧ ሲፈነዳ ማን የአባት ስም ይጠራል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሱን ያህል የሚፈለግ፣ የሱንም ያህል የማይመሰገን ሰው የለም። ሲጠግን "እጅህ ይባረክ"፣ ዞር ሲል "አራተኛን ያልጨረሰ ምን ያውቃል"። ሰምቷል። መፍቻው የሰማውን አይረሳም። በተለይ የውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሳለ በሰው ፊት "አንተ መፍቻህን ያዝ፣ ማሰቡን ለእኛ ተው" ያለውን ያንን ኢንጂነር። ሰውየው ሸብቶ ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ነገሩ ግን በመፍቻው ሆድ ውስጥ ዛሬም ትኩስ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጌታዬ ብሎ ጠርቶ አያውቅም።

አሁን ግን "ጌታው" የሚለው አንድ ሰው ቤቱ ገብቷል። ጥርስ የለውም፣ ጸጉሩም ለምልክት ያህል ነው። የሴት ልጁ ልጅ ነው።

ልጅቱ በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ሰነበተች። ሕፃኑ ያኔ የዱቄት ወተት በጡጦ ለመደ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከመንገድ አይጠፋም፤ ስለዚህ እስክታገግም እናት አባቷ ቤት መጣች። ስትመጣ ጡቷ ጭራሹን አልደረቀም ነበር፤ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ጉዱን ያመጣው አባቷ መፍቻው ነው። ዕድሜ ልኩን "በርሜሉ ሳይሞላ አትክፈቱ" ሲል የኖረ ሰው፣ የልጁንም ወተት በዚያው ሒሳብ አየው። እንዲህ እየተንጠባጠበች ከምታልቅ ቀኑን ጡጦ ስጪውና ትጠራቀም፣ ማታ ጠግቦ ይጠባል አላት። ልጅቱ በውሃ ነገር አባቷ ተሳስቶ አይታ አታውቅም፤ እሺ አለች። ጡቷ አረፈ፤ እንዳረፈም ቀረ። ጌታው በበኩሉ ጡጦውን ሲያይ እጅ እግሩን ያወራጫል፣ የእናቱን ጡት ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ይሄ ነው አንጀቷን የበላው። አባቷን አልወቀሰችም። ልጇ ፊቱን ባዞረባት ቁጥር ቀስ ብላ ጡቷን ሸፍና፣ "ይሁን፣ እንግዲህ አልወደደኝም" ትላለች። መፍቻው ይቺን ከሚሰማ ዱላ ቢያርፍበት ይሻለው ነበር።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልትጠይቃት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ከሱ ልጅ እንኳ ታንሳለች። ሚስቱ፣ አፏ አያርፍ፣ የበርሜሉን ነገር ከነማብራሪያው ነገረቻት። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደሱ ዞረች።

"አባት፣ ጡት በርሜል አይደለም። ምንጭ ነው፤ በቀዱት ቁጥር ይመጣል፣ ከተዉት ይደርቃል።"

የተዋጠ ሳቅ ከተሳቀው ይልቅ ይሰማል። የባሰው ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። መፍቻው ወጥቶ ጓሮ ሄደና ምንም ያልሆነ ቧንቧ መፍታት ጀመረ። ጆሮውን ግን ቤት ውስጥ ትቶት ነበር የወጣው።

የደረቀ ጡት ይመለሳል ትላለች ነርሷ። ሕፃኑን ራቁቱን ደረትሽ ላይ አስተኚው፤ ርቦት ሳያለቅስ በፊት፣ ቶሎ ቶሎ ጡት አስይዢው፤ ሲለቅ በእጅሽ እለቢው። የዱቄቱን ወተት ግን በአንዴ እንዳታቋርጪ፣ እየመዘንነው ቀስ እያልን ነው የምንቀንሰው። ከዚያ ከቦርሳዋ እንደ ክር የቀጠነ ንጹሕ ቱቦ አወጣች። አንዱ ጫፍ የዱቄት ወተት ያለበት ኩባያ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው የጡቷ ጫፍ ዘንድ በፕላስተር ይለጠፋል። ሕፃኑ ጡት ይዞ ሲስብ ከኩባያው ይመጣለታል፤ የሱ መሳብ ደግሞ የእናቱን ወተት ይጠራል።

መፍቻው እጁ ላይ ያለውን ብረት አስቀመጠ። ይቺ ነገር ገባችው። ደረቅ ፓምፕም መጀመሪያ ውሃ ካላጠጡት ውሃ አይስብም። ገባኝ ብሎ ግን ለነርሷ አልነገራትም፤ ኩርፊያውን ገና አልጨረሰም።

ኩባያ የመያዙ ሥራ ለሚስቱ ደረሰ። እጇ ሲዝል ኩባያው ይወርዳል፤ ጌታው ስቦ ስቦ ሲያጣ ያብዳል። ደንግጣ ከፍ ስታደርገው ይጎርፍበትና ትን ይለዋል። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ልጅቱ ይብቃኝ፣ ጡጦውን አምጡለት አለች። መፍቻው በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ የለቅሶው መነሻ ታወቀው። የከፍታ ጉዳይ ነው።

ምስማር፣ መዶሻና ሲባጎ ይዞ ገባ።

"አንተ ሰውዬ፣ አራስ ክፍል ምን ልትጠግን ነው?" አለችው ሚስቱ።

ልጁ የተቀመጠችበትን ጥግ በመጋረጃ ጋረደ። ከመጋረጃው ወዲህ ግድግዳው ላይ ምስማር መታ፣ ሲባጎውን በላዩ አሳለፈ፤ በአንዱ ጫፍ ውስጡ የሚታይ ኩባያ አንጠለጠለ፣ ሌላውን ጫፍ ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቱቦው በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ ወደ ልጁ ይሄዳል።

"እዘዢ" አላት።

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቱ ሳቀች። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማም።

"ከፍ አድርገው አባዬ። በቃ፣ በቃ። ዝቅ፣ ትን ሊለው ነው።"

እንዲህ ሆኖ ከረመ። ደንበኛ ሲደውል "ጌታው ገበታ ላይ ናቸው፣ ቆይተህ ደውል" ይላል። ሚስቱ፣ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ታዝዘህ ቢሆን ዛሬ ሥራ አስኪያጅ ነበርክ ትለዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚች ቃል ሳምንት ያኮርፍ ነበር፤ አሁን ግን ሲባጎ የያዘ እጅ ለማኩረፍ አይመችም። ነርሷ እየመጣች ሕፃኑን ትመዝናለች፤ ኩባያውን ትንሽ ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ራሱ ይልፋበት አለች። ማንጠልጠያውን ግራና ቀኝ አየችው፣ ምንም አላለችም። ምንም አለማለቷንም መፍቻው ቂም አድርጎ ያዘው።

ልጅቱ አንዳንድ ቀን ስታልበው ጠብታ ብቻ ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ ብላ ተከዘች።

"ቧንቧም ውሃ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ ያስለዋል" አላት አባቷ በመጋረጃው በኩል። "አትዝጊው።"

አንድ ከሰዓት በኋላ ጌታው ሲጎነጭ ይሰማል። መፍቻው ኩባያውን አየ። አልጎደለም። ዝቅ አደረገው፣ ከፍ አደረገው። ንቅንቅ የለም። ሕፃኑ ግን ይውጣል።

"ቱቦው ተዘግቷል" አለ ተደናግጦ። "ልጁ አየር እየዋጠ ነው። አውጪው፣ ልጥረገው።"

"አልተዘጋም አባዬ።" ድምጿ ቀጠነ። "ቅድም ነቅዬ ቋጥሬዋለሁ።"

ሲባጎው ከእጁ አመለጠ፤ ኩባያው ወርዶ ወለሉ ላይ ተደፋ። ሚስቱ ስለ ወለሉ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ፣ ፊቱን ስታየው መልሳ ዘጋችው። መፍቻው ጫማው ወተት ውስጥ እንደተነከረ ተቀምጦ ያዳምጣል። ዕድሜ ልኩን ውሃ ሲመጣ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ አመጣጥ ግን ሰምቶ አያውቅም።

ነርሷ ስትመለስ የዱቄቱ ወተት ለማታ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ሊቀር ነው። መዝና፣ ስቃ፣ ሕፃኑን ስማ፣ ማንጠልጠያው ፊት ቆመች።

"አባት፣ ወዲያ ማዶ ኩባያ የሚይዝላት ሰው የሌላት አንዲት እናት አለች። ይሄን ልውሰድላት?"

መፍቻው ቂምም ሆነ ዕቃ ቶሎ የሚለቅ ሰው አይደለም። ምስማሩን አየ፣ ነርሷን አየ።

"ይሄማ የጌታው ነው፣ አይነካም" አለ። ከዚያ አጎንብሶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። "ቤቷን አሳዪኝ። ከፍታው እንደ ሰዉ ነው፤ እዚያው ሳላይ አልሠራም።"