የጓዳዋ ሴትዮ

እናት ከሥራ ስትመለስ ጓዳ ገብታ በሩን ትቀረቅርና ከአንዲት ሴት ጋር ታወራ ነበር። «ወጣሽ ደግሞ? ግቢ! ግቢ አልኩሽ!» ከዚያ ማቃሰት፣ ከዚያ ዝምታ። ሁለቱ ልጆቿ፣ ዛሬ የሆቴል ልብስ አጣቢ የሆነችው ሴት ልጇና ወንድሟ፣ በሩ ላይ ተለጥፈው ይሰሙና እግሬ አውጪኝ ይላሉ። የሴትዮዋ ድምፅ ግን አንድም ቀን ተሰምቶ አያውቅም። ወንድሟ «ምላስ የላትም» ይል ነበር፤ ይኸው ሸብቶም ጓዳዋን አይረግጣትም፤ ወሬዋን ግን ለእህቱ ልጆች ያወራላቸዋል።

እናት ምስጢሯን በሆዷ እንደያዘች አፈር ገባች። ቤቱ ለአጣቢዋ ቀረ፤ ሴትዮዋም አብራ የቀረች ይመስላታል። የልጆች እናት ሆና እንኳ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ጓዳ አትገባም። ማን ያውቃል፣ ደርሳባት ብታስደነግጣትስ?

የሆቴል አንሶላ ሲደርቅ ላባ ነው፤ ሲረጥብ ግን እንደ ሬሳ ይከብዳል። አንድ ቀን ከማጠቢያው ማሽን አጠገብ ሙሉ ቅርጫት ብድግ ስታደርግ፣ ከታች አንድ ነገር ሸርተት አለባት። እንቁላል በጭኗ መሀል እንደያዘ ሰው እየተራመደች ቤቷ ደረሰች። ጓዳ ገብታ ቀረቀረችና እጇን ሰደደች። ለስላሳ፣ ሞቃት፣ እብጥ ያለ ነገር የሰውነቷ ደጅ ላይ ቆሟል። በጣቷ ገፋ አደረገችው። ያኔ የሟች እናቷ ድምፅ ጓዳዋን ሞላው፤

«ወጣሽ ደግሞ? ግቢ!»

የተናገረው የራሷ አፍ ነበር። «ደግሞ» ያለችው ደግሞ ገና በመጀመሪያዋ ቀን ነው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። አዋላጇ ነርስ መርምራት፣ «ማህፀንሽ ነው እህቴ የወረደው» አለቻት። «ደግፎ የሚይዘው ሲላላ ይወርዳል፤ ወሊዱ አለ፣ ሸክሙ አለ። ስንቷ አፍራ ደብቃው ትኖራለች መሰለሽ! የሚደግፍ ቀለበት ይገባልሻል፣ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም አሳይሻለሁ። እምቢ ካለ ኦፕራሲዮን አለ።»

«እናቴም...» ብላ ጀመረችና እንባዋ ቀደማት። «ከእሷ ወጥተን ከእሷው ስንሸሽ ኖርን!»

ቀለበቱ ገብቶላት በተመለሰች ቀን ጓዳ ገብታ እንቅስቃሴውን ጀመረች። ቁና ቁና ስትተነፍስ ከበሩ ውጭ ሌላ ትንፋሽ ሰማች። ትንሽ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ትንፋሽ። መቀርቀሪያውን ስባ ከፈተች። የመጨረሻ ልጇ ናት፣ አንድ እግሯን ለሩጫ አንስታ፣ ዓይኗ ከእናቷ ትከሻ በላይ ጨለማውን ይፈልጋል።

«ሴትዮዋስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ግቢ፣ ልንገርሽ።»

በሩን አልቀረቀረችውም።